ሴልን «እደግ፣ ኑር፣ ተንቀሳቀስ» የሚሉት ኢንዛይሞች

ኢማቲኒብ የሚባል መድኃኒት አለ። ብዙ ሰው የሚያውቀው በገበያ ስሙ ነው፤ ግሊቬክ። ክሮኒክ ማይሎይድ ሉኪሚያ በተባለው የደም ካንሰር የተያዘ ሰው በየቀኑ ከምግብ ጋር ይውጠዋል። ጠብታ የለ፣ አልጋ መያዝ የለ። ክኒኑን ውጦ ሥራው ይሄዳል። አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ክትትል ያላቸው ታማሚዎችም መድኃኒቱን በዓለም አቀፍ የልገሳ ፕሮግራም በኩል በነፃ ሲያገኙ ቆይተዋል።

የክኒኑ ዋና ሥራ አንድ ነው። አላቆም ያለ አንድ ካይኔዝ ያስቆማል። በቃ።

ታዲያ ካይኔዝ ምን ቢሆን ነው አንዱን ማስቆም ዕድሜ የሚያስረዝመው? ነገሩ ከሩቅ ሲያዩት ያስፈራል። ስሞቹ ረጃጅም ናቸው፣ ምህጻረ ቃላቱ አያልቁም። ውስጡ ሲገባ ግን ሐሳቡ ይያዛል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሴል ውስጥ ሥራ የሚሠሩት ፕሮቲኖች ናቸው። ስኳር የሚሰባብረው፣ ዲኤንኤ የሚገለብጠው፣ ጡንቻ የሚያኮማትረው ፕሮቲን ነው። ሴሉ አዲስ ነገር በገጠመው ቁጥር አዲስ ፕሮቲን ላምርት ቢል ግን አይደርስም። ጂኑን ማንበብና ፕሮቲኑን መገጣጠም ብዙ ደቂቃ፣ አንዳንዴም ሰዓታት ይፈጃል። በምሽት ከጅብ ጋር የተፋጠጠ ሰው እግር ያን ያህል ጊዜ የለውም። ስለዚህ ሴል ፕሮቲኖቹን አስቀድሞ ሠርቶ ያስቀምጣል። ሲያስፈልገው ጠባያቸውን ብቻ ይለውጣል።

ጠባይ የምትለውጠው ትንሽ ነገር ፎስፌት ትባላለች። አንድ የፎስፈረስ አቶም በኦክስጅን አቶሞች ተከባ ማለት ነው። አሉታዊ ቻርጅ አላት። ፕሮቲን ላይ ስትለጠፍ አዎንታዊ ቻርጅ ያላቸውን ክፍሎች ትስባለች፣ አሉታዊዎቹን ትገፋለች። ያኔ የፕሮቲኑ ቅርጽ ይለወጣል። ቅርጹ ሲለወጥ ሥራውም አብሮ ይለወጣል። አንዳንዴ ደግሞ ቅርጹ ብዙም ሳይነካ ፎስፌቷ ያረፈችበት ቦታ ሌላ ፕሮቲን መጥቶ የሚይዘው ቦታ ይሆናል።

ካይኔዝ ማለት ይህችን ፎስፌት ከኤቲፒ ላይ አንሥቶ ፕሮቲን ላይ የሚለጥፍ ኢንዛይም (የኬሚካል ለውጥ የሚያፋጥን ፕሮቲን) ነው። ኤቲፒ ሴል ለሥራው ሁሉ የሚጠቀምበት የኃይል ሞለኪውል ነው። ካይኔዝ ያገኘው ቦታ ላይ ሁሉ አይለጥፍም። ፕሮቲን ከ20 ዓይነት አሚኖ አሲዶች ይሠራል። የእኛ ካይኔዞች በብዛት የሚለጥፉት ግን ሦስቱ ላይ ነው፦ ሴሪን፣ ትሪዮኒን እና ታይሮሲን። እነሱም ቢሆኑ ግራና ቀኛቸው ያሉት አሚኖ አሲዶች ታይተው ነው የሚመረጡት። የሰው ጂኖም ከተነበበ በኋላ በ2002 የወጣ ቆጠራ 518 የፕሮቲን ካይኔዝ ጂኖችን መዝግቧል። ከጠቅላላ ጂኖቻችን ወደ ሁለት በመቶ መሆኑ ነው። ለአንድ ዓይነት ሥራ ይህን ያህል ጂን መመደብ ቀላል ነገር አይደለም።

ስለ ካይኔዝ ሲወራ ሌላኛው ወገን ብዙ ጊዜ ይረሳል። ፎስፋቴዝ የሚባሉ ኢንዛይሞች አሉ። የተለጠፈችውን ፎስፌት ያነሣሉ። አንዱ ይለጥፋል፣ ሌላው ያነሣል፤ ሴል ውስጥ ቀኑን ሙሉ የሚካሄደው ይህ ነው። እኔን ከጠየቃችሁኝ የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ያለው ማንሣቱ ላይ ነው። ትእዛዝ መስጠት ማንም ይችላል። ትእዛዙ በሰዓቱ ማብቃቱ ነው ጤና የሚባለው። ከዚህ በኋላ የማነሣቸው ታሪኮች አብዛኞቹ ተመልሰው እዚህ ላይ ይወድቃሉ።

የማጣሪያ ወረቀትና ያረጀ ፈሳሽ

ነገሩ የተገኘበት መንገድ ያስቃል። በ1950ዎቹ አጋማሽ ኤድመንድ ፊሸርና ኤድዊን ክሬብስ ሲያትል በሚገኘው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የጥንቸል ጡንቻ ያጠኑ ነበር። የሚፈልጉት ፎስፎሪሌዝ የተባለውን ኢንዛይም ነው። ጡንቻ ውስጥ በግላይኮጅን መልክ የተከማቸውን ስኳር የሚፈታው እሱ ነው። ይህ ኢንዛይም ሁለት መልክ አለው፤ አንዱ ይሠራል፣ ሌላው ተኝቷል። የጡንቻውን ጭማቂ በማጣሪያ ወረቀት ሲያጣሩት የሚሠራውን ያገኛሉ። ወረቀቱን ትተው በማሽን አሽከርክረው ሲለዩት የተኛውን ያገኛሉ። ወረቀት ደግሞ ኢንዛይም ይቀሰቅሳል እንዴ?

ወረቀቱ ውስጥ ካልሲየም ነበር። ካልሲየሙ ጭማቂው ውስጥ ያለ ሌላ ኢንዛይም ቀሰቀሰ። ያ ኢንዛይም ከኤቲፒ ፎስፌት ወስዶ ፎስፎሪሌዝ ላይ ለጠፈ። ሁለቱ ሰዎች የፕሮቲን ካይኔዝን ሥራ ያዩት በዚህ አጋጣሚ ነው። ሥራው በ1955 ታተመ። የኖቤል ሽልማቱ የመጣው በ1992 ነው።

ታይሮሲን ላይ የሚለጥፉ ካይኔዞች መኖራቸው የታወቀው ደግሞ በ1979 ነው። ካሊፎርኒያ በሚገኘው ሳልክ ኢንስቲትዩት ቶኒ ሀንተር አንድ ሙከራ ሲሠራ አዲስ ፈሳሽ መበጥበጥ ሰንፎ አሮጌውን ተጠቀመ። አሮጌው ፈሳሽ አሲድነቱ በትንሹ ጨምሮ ነበር። ያቺ ትንሽ ልዩነት ፎስፌት ያለበትን ታይሮሲን ፎስፌት ካለበት ትሪዮኒን ለየችለት። ትኩስ ፈሳሽ ቢጠቀም ኖሮ ሁለቱ ተደራርበው አንድ ነገር ይመስሉ ነበር። ዛሬ ካሉት የካንሰር መድኃኒቶች ስንቱ የተሠሩት ታይሮሲን ካይኔዝን ለማስቆም እንደሆነ ሳስብ ያ ስንፍና ይገርመኛል።

ወደ ጅቡ እንመለስ። ሰውየው ሲደነግጥ አድሬናሊን ደሙ ውስጥ ይፈስሳል። አድሬናሊን ጡንቻ ሴሉ ውስጥ አይገባም። በሴሉ ሽፋን ላይ ያለውን ተቀባይ፣ መልእክት የሚቀበለውን ፕሮቲን፣ ከውጭ ይነካል። ውስጥ አንድ ካይኔዝ ይነቃል። እሱ ሁለተኛውን ካይኔዝ ያነቃል። ሁለተኛው ፎስፎሪሌዝን። ስኳሩ ይፈታል። ለምን በዚህ ሁሉ ቅብብሎሽ? ሰፈር ውስጥ የሞት መርዶ ሲመጣ የእድሩ ጡሩንባ ነፊ በየቤቱ ገብቶ አይናገርም። የሰማው ለጎረቤቱ ይነግራል፣ ያም ለሚቀጥለው፣ ጥቂት ቆይቶ ሰፈሩ ሁሉ ነጠላውን አዘቅዝቆ ወጥቷል። ካይኔዞቹም እንዲሁ ናቸው። አንዱ ብዙዎችን ይነካል፣ እያንዳንዳቸው ደግሞ ሌሎች ብዙዎችን። ትንሽ የሆርሞን ጠብታ ብዙ ስኳር የምታስፈታው ለዚህ ነው። በየደረጃው የሚያነሣ ፎስፋቴዝ ስላለም ጅቡ ሲሄድ ነገሩ ይበርዳል።

እደግ

የሰውነታችን ሴል ዝም ብሎ አይከፈልም። ፈቃድ ይጠብቃል። ፈቃዱ ከውጭ የሚመጣው የዕድገት ፋክተር በሚባሉ ትንንሽ ፕሮቲኖች ነው። ስታንሊ ኮኸን የተባለው አሜሪካዊ ከአይጥ የምራቅ ዕጢ ያወጣውን ጭማቂ አዲስ የተወለዱ አይጦች ላይ ሲወጋ ዓይናቸው ከወትሮው ቀድሞ ተገለጠ። ጥርሳቸውም ቶሎ በቀለ። በዚያ ጭማቂ ውስጥ የነበረው በኋላ ኢጂኤፍ የተባለው የዕድገት ፋክተር ነው። ኮኸን በ1986 ከሪታ ሌቪ ሞንታልቺኒ ጋር ኖቤል ተሸለመበት።

የኢጂኤፍ ተቀባይ ግማሹ ከሴሉ ሽፋን ውጭ፣ ግማሹ ውስጥ ነው። ውስጥ ያለው ክፍል ራሱ ካይኔዝ ነው። ኢጂኤፍ ሲመጣ ሁለት ተቀባዮች ይጣመሩና አንዱ የሌላውን ጭራ ታይሮሲን ላይ ፎስፌት ይለጥፋል። ጭራው ላይ የተደረደሩት ፎስፌቶች ሌሎች ፕሮቲኖችን ይጠራሉ። ከዚያ «ራስ» የተባለ ፕሮቲን ይነቃል። እሱ ካይኔዝ አይደለም፤ ግን ራፍ የተባለውን ካይኔዝ ያነቃል። ራፍ ሜክን፣ ሜክ ኤርክን። ኤርክ ጂኖቹ ወዳሉበት ወደ ኒውክለሱ ገብቶ ለመከፈል የሚያስፈልጉ ጂኖች እንዲነበቡ ያደርጋል። ስሞቹን መሸምደድ አያስፈልግም። ቅብብሎሹን ካያችሁት ይበቃል።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚስበኝ የሚከተለው ሙከራ ነው። ከአይጥ የካንሰር ዕጢ የተገኙ ላቦራቶሪ ውስጥ የሚያድጉ ሴሎች አሉ። ኢጂኤፍ ሲሰጣቸው ኤርክ ለአጭር ጊዜ ይነቃና ይተኛል። ሴሎቹ ይከፈላሉ። በምትኩ የነርቭ ዕድገት ፋክተር ሲሰጣቸው ያው ኤርክ ይነቃል፤ ግን ለሰዓታት ነቅቶ ይቆያል። አሁን ሴሎቹ መከፈላቸውን አቁመው እንደ ነርቭ ሴል ረጅም ክር ያወጣሉ። ካይኔዙ አንድ ነው። ልዩነቱ የቆየበት ጊዜ ነው። ሴል የሚሰማው ትእዛዙ መምጣቱን ብቻ ሳይሆን ስንት ሰዓት መቆየቱንም ነው።

የመከፈሉን ተራ የሚያስከብሩት ደግሞ ሲዲኬ የሚባሉ ሌሎች ካይኔዞች ናቸው። ሳይክሊን የሚባል ፕሮቲን ካልተጣመራቸው አይሠሩም። ሳይክሊን ደግሞ በየዙሩ ይመረታል፣ በየዙሩ ይፈርሳል። እንግሊዛዊው ፖል ነርስ በ1987 ከባልደረባው ጋር ያሳየው ነገር አስደናቂ ነው። ከእነዚህ ካይኔዞች አንዱ የተበላሸበት እርሾ መከፈል አቅቶታል። የሰውን ጂን ሲያስገቡለት መከፈል ቻለ። እርሾና ሰው የተለያዩት ከአንድ ቢሊዮን ዓመት በላይ ሆኗቸዋል፤ ካይኔዙ ግን አሁንም አንዱ ለሌላው ይሠራል። ነርስ፣ ሊላንድ ሃርትዌልና ቲም ሀንት በ2001 ኖቤል ተካፈሉ።

ሴል ከመከፈሉ በፊት መጠኑ መጨመር አለበት። ይህን የሚቆጣጠረው ኤምቶር የተባለው ካይኔዝ ነው። የተገኘበት መንገድ ከሩቅ ደሴት ይጀምራል። በ1964 ፓስፊክ ውቅያኖስ መሐል ወዳለችው ራፓ ኑይ ደሴት የሄደ የካናዳ ቡድን አፈር ይዞ ተመለሰ። አፈሩ ውስጥ ካለ ባክቴሪያ የወጣው መድኃኒት በደሴቷ ስም ራፓማይሲን ተባለ። ካይኔዙም ስሙን ያገኘው ራፓማይሲን የሚያስቆመው ነገር በመሆኑ ነው። ኤምቶር አሚኖ አሲድና ኃይል በበቂ መኖሩን እያየ ሴሉ እንዲገነባ ያዝዛል። ምግብ ሲጠፋ ዝቅ ይላል፤ ሴሉም አሮጌ ዕቃውን እያፈረሰ ይጠቀማል። ከዚህ ተነሥቶ «ጾም ካንሰር ያድናል» የሚል ወሬ ዩቲዩብ ላይ በሽበሽ ነው። አያድንም። ሕክምና ላይ ያለ ሰው ሐኪሙን ሳያማክር ምግብ ቢቀንስ የሚጎዳው ራሱን ነው።

ኑር

ሴል የሚሞተው ሲጎዳ ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ነገሩ ከዚያ ይለያል። አብዛኞቹ ሴሎቻችን ሁልጊዜ ከጎረቤት «ኑር» የሚል መልእክት ይፈልጋሉ። መልእክቱ ከቀረ ሥርዓት ባለው መንገድ ራሳቸውን ያጠፋሉ። ይህ ለክፉ አይደለም። በፅንስ ጊዜ እጃችን እንደ መቅዘፊያ ጠፍጣፋ ነበር። በጣቶቻችን መካከል ያሉት ሴሎች ስለሞቱ ነው ጣት ያወጣነው።

የመኖር መልእክት ሲመጣ ፒአይ3 ካይኔዝ የሚባል ኢንዛይም ይነቃል። ይሄኛው ለየት ይላል፤ ፎስፌቱን የሚለጥፈው ፕሮቲን ላይ ሳይሆን የሴሉ ሽፋን ውስጥ ያለ ቅባት ላይ ነው። ያ ምልክት ኤኬቲ የተባለውን የፕሮቲን ካይኔዝ ወደ ሽፋኑ ይጠራዋል። ኤኬቲ ሲነቃ ባድ የሚባለውን ሞት ጠሪ ፕሮቲን ያገኘውና ፎስፌት ይለጥፍበታል። ባድ ላይ የተለጠፈችው ፎስፌት ሥራ አታስጀምርም። ሌላ ፕሮቲን መጥቶ ጠፍሮ እንዲይዘው ነው የምታደርገው። ፎስፌት ሁልጊዜ «ጀምር» ማለት አይደለችም። አንዳንዱ ፕሮቲን ላይ «ቁም» ማለት ነች። ጽሑፎች ላይ ይህ ተዘሎ ስለሚታለፍ አንባቢ ሲደናገር አያለሁ።

የኢንሱሊን ተቀባይም ታይሮሲን ካይኔዝ ነው፤ መልእክቱን የሚያስተላልፈውም በዚሁ በኤኬቲ መስመር ነው። ከምግብ በኋላ ጡንቻ ስኳር ከደም እንዲወስድ የሚያደርገው እሱ ነው። ስለዚህ በዚህ መስመር ላይ የተሠሩ አንዳንድ የካንሰር መድኃኒቶች የደም ስኳር ከፍ ቢያደርጉ አይግረማችሁ።

እዚህም ማንሻ አለ። ፒቴን የተባለው ኢንዛይም ቅባቱ ላይ ያለችውን ፎስፌት ያነሣል። የማሕፀን፣ የፕሮስቴት፣ የአንጎል ካንሰርን ጨምሮ በብዙ ካንሰሮች ውስጥ የፒቴን ጂን ተበላሽቶ ይገኛል። ማንም ካይኔዙን አልነካውም። ማንሻው ግን የለም። ሴሉ መሞት ሲገባው «ኑር» የሚለውን እየሰማ ይቀጥላል።

ተንቀሳቀስ

ሽንኩርት ስንከትፍ ጣታችን ቢቆረጥ በሰዓታት ውስጥ የቁስሉ ዳር ያሉት የቆዳ ሴሎች ወደ መሐል መሄድ ይጀምራሉ። ሴል እግር የለውም። ከፊቱ አክቲን የሚባሉ ክሮችን እየገጣጠመ ሽፋኑን ወደፊት ይገፋል። የረገጠውን ቦታ በሽፋኑ ላይ ባሉ ፕሮቲኖች ይይዛል። ከዚያ ጀርባውን ያኮማትርና ይስባል። ጀርባውን የሚያኮማትረው ጡንቻችንን የሚያኮማትረው የማዮሲን ፕሮቲን ዘመድ ነው፤ የሚቀሰቀሰውም ካይኔዝ በሚለጥፍበት ፎስፌት ነው።

ሴሉ የረገጠበት ቦታ ላይ ፋክ እና ሳርክ የሚባሉ ሁለት ታይሮሲን ካይኔዞች ተጣምረው ይቀመጣሉ። መጀመሪያ ሲታሰብ ሥራቸው ሴሉ በደንብ እንዲይዝ መርዳት ይመስላል። በ1995 የጃፓን ተመራማሪዎች ፋክ የሌላቸውን የአይጥ ሴሎች ሲያዩ ግን ሴሎቹ የያዙበት ቦታ በዝቶ፣ ፍጥነታቸው ቀንሶ አገኙ። መያዝ አላቃታቸውም። መልቀቅ ነው ያቃታቸው። ለመራመድ የኋላውን መንቀል ያስፈልጋል።

ሳርክ የራሱ ረጅም ታሪክ አለው። በ1911 ኒውዮርክ ውስጥ ፔይተን ራውስ ከአንዲት ዶሮ የካንሰር ዕጢ የወሰደውን ጭማቂ፣ ሴሎቹን ሁሉ በማጣሪያ ካስቀረ በኋላ፣ ሌሎች ዶሮዎች ላይ ወጋ። እነሱም ዕጢ አበቀሉ። ቫይረስ ነበር። ሰው ብዙም ቁም ነገር አላለውም። ራውስ ኖቤል የተሸለመው በ1966፣ በ87 ዓመቱ ነው። በ1976 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ማይክል ቢሾፕና ሃሮልድ ቫርመስ የቫይረሱ የካንሰር ጂን ከጤነኛ ወፎች ዲኤንኤ የተወሰደ መሆኑን አሳዩ። ካንሰር አምጪው ጂን ከውጭ የመጣ ባዕድ አልነበረም። ከጥንት ጀምሮ በሴሉ ውስጥ በሥራ ላይ ያለ የራሱ ካይኔዝ ነበር።

ታዲያ በሴሉ ውስጥ ያለው ሳርክ ለምን ካንሰር አያመጣም? ጤነኛው ሳርክ ጭራ አለው። ጭራው ላይ ባለ ታይሮሲን ላይ ሌላ ካይኔዝ ፎስፌት ይለጥፍለታል። ሳርክ ያችን ፎስፌት በራሱ አካል ይይዝና ተጣጥፎ ይተኛል። የቫይረሱ ሳርክ ጭራው ተቆርጧል። ስለዚህ የሚተኛበት የለውም። ሴሉ ይከፈላል፣ የያዘውን ይለቃል፣ ይሄዳል። ካንሰር ከተነሣበት ወጥቶ ጉበት ወይም ሳንባ ላይ ሲያርፍ የሚጠቀመው ቁስል የሚዘጋበትን ይህንኑ ዘዴ ነው።

አላቆም ያለው ኤብል

አሁን ክኒኑ። በ1960 ፊላደልፊያ ውስጥ ፒተር ኖውልና ዴቪድ ሀንገርፎርድ የክሮኒክ ማይሎይድ ሉኪሚያ ታማሚዎችን ሴል ሲመረምሩ ከወትሮው ያነሰች አንዲት ክሮሞዞም አዩ። በከተማዋ ስም የፊላደልፊያ ክሮሞዞም ተባለች። ምንነቷን የፈታችው የቺካጎዋ ጃኔት ራውሊ ናት፣ በ1973። የክሮሞዞም ፎቶዎችን ቆራርጣ ቤቷ የምግብ ጠረጴዛ ላይ እየደረደረች ነበር የምትሠራው። 9ኛውና 22ኛው ክሮሞዞም ቁራጭ ተለዋውጠዋል። በልውውጡ ምክንያት ኤብል የተባለ የታይሮሲን ካይኔዝ ጂን ቢሲአር ከሚባል ጂን ጋር ተጣብቋል። ከተጣበቀው ጂን የሚሠራው ፕሮቲን ሳያርፍ ፎስፌት ይለጥፋል። መቅኔ ነጭ የደም ሴል ያለ ልክ ያመርታል። ጣፊያ ያብጣል፣ ሰውየው ይደክመዋል፣ ይከሳል። ይህን በሽታ በዘር ከወላጅ የሚወርሱት አይደለም። ልውውጡ የሚደርሰው በሕይወት ዘመን፣ በአንድ የመቅኔ ሴል ላይ ነው።

ኤብልን በመድኃኒት ማስቆም ይቻላል ሲባል ብዙ ባለሙያ ተጠራጠረ። ካይኔዞች ሁሉ ኤቲፒ የሚይዙበት ጎድጓዳ ቦታ አላቸው፣ ጎድጓዶቹም ይመሳሰላሉ። አንዱን ስትዘጋ ሁሉንም ትዘጋለህ፣ ሰውየውን ትገድላለህ ነበር ክርክሩ። አያስቅም፤ ምክንያታዊ ነበር። በኋላ ኖቫርቲስ በሆነው የስዊዘርላንድ ኩባንያ ይሠራ የነበረው ኒኮላስ ሊደንና በአሜሪካ ኦሪገን ያለው ሐኪም ብራያን ድሩከር ግን ገፉበት። ኢማቲኒብ የሚገባው ኤቲፒ በሚይዝበት ጎድጓዳ ነው፤ ነገር ግን ኤብል በተኛበት ቅርጹ ላይ ሳለ ነው አጥብቆ የሚይዘው። ካይኔዞች ሲሠሩ ይመሳሰላሉ። ሲተኙ ግን ቅርጻቸው ይለያያል። መድኃኒቱ የሚመርጠው በዚያ ነው።

በሰው ላይ የተጀመረው በ1998 ነው። በቂ መጠን ካገኙት 54 ታማሚዎች የ53ቱ የደም ቆጠራ ወደ ጤነኛ ልክ ተመለሰ። በካንሰር ሕክምና እንዲህ ያለ ቁጥር አይለመድም። በግንቦት 2001 በአሜሪካ ተፈቀደ። በኋላ በተደረገው ትልቅ ጥናት ኢማቲኒብ ከጀመሩት ታማሚዎች 83 በመቶ ያህሉ ከ10 ዓመት በኋላ በሕይወት ነበሩ። ዋጋው ውድ ስለነበር ኖቫርቲስና ማክስ ፋውንዴሽን ከ2002 ጀምሮ መክፈል ለማይችሉ አገሮች ታማሚዎች የሚሰጥበትን ፕሮግራም አቋቋሙ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገባው።

መድኃኒቱ ካንሰሩን ነቅሎ አያወጣም፤ ተኝቶ እንዲቆይ ያደርገዋል። «አሁን ደህና ነኝ» ብሎ በራስ ፈቃድ ማቋረጥ አደገኛ የሚሆነው ለዚህ ነው። ለዓመታት በምርመራ በሽታው ሊታይ ካልቻለ፣ በሐኪም ቅርብ ክትትል ማቆም የሚቻልበት ሁኔታ አለ። ከእነዚህም በግማሽ ያህሉ ላይ ተመልሶ ይመጣል፤ ያኔ መድኃኒቱ ይቀጥላል።

ሌሎች ካንሰሮችም በዚሁ መንገድ ተሞከሩ። ሜላኖማ በሚባለው የቆዳ ካንሰር ግማሽ ያህሉ ላይ ራፍ ከሚባሉት ካይኔዞች አንዱ፣ ቢራፍ፣ አንድ አሚኖ አሲዱ ተለውጧል። የተተካው አሚኖ አሲድ አሉታዊ ቻርጅ አለው። ቢራፍ ፎስፌት የተለጠፈበት ያህል ይነቃል። ይህችን ግን ፎስፋቴዝ አያነሣትም፤ የፕሮቲኑ አካል ናትና። በ2011 የተፈቀደው ቬሙራፌኒብ ይህን ቢራፍ ያስቆማል። በጤነኛ ሴሎች ውስጥ ግን ራፍን ያነቃዋል፤ አንዳንድ ታማሚዎች ሌላ ዓይነት የቆዳ ዕጢ ያወጡት በዚህ ነው። ስለዚህ አሁን ሜክን ከሚያስቆም ሌላ መድኃኒት ጋር አብሮ ይሰጣል።

የጎንዮሽ ጉዳቱ ከየት እንደሚመጣ ካሁን በኋላ መገመት አያዳግትም። ለሳንባ ካንሰር የኢጂኤፍ ተቀባይን የሚያስቆም ክኒን የሚወስድ ሰው ፊቱ ላይ ሽፍታ ይወጣበታል፣ ተቅማጥ ያስቸግረዋል። ቆዳና አንጀት በየጊዜው የሚታደሱት በዚያው ተቀባይ ነው። ኢማቲኒብ ደግሞ የዓይን አካባቢ እብጠት፣ ማቅለሽለሽ፣ የጡንቻ መኮማተር ያመጣል።

ካንሰሩም ዝም አይልም። አንዳንድ ታማሚዎች ላይ በኤብል 315ኛ ቦታ ያለው ትሪዮኒን በሌላ አሚኖ አሲድ ይተካል። ይህ ቦታ በጎድጓዳው በር ላይ ነው። ኢማቲኒብ አይገባም፤ ኤቲፒ ግን ይገባል። ኢማቲኒብ እምቢ ላላቸው የመጡት ዳሳቲኒብና ናይሎቲኒብም ይህን ለውጥ አያልፉም። በ2012 የተፈቀደው ፖናቲኒብ ያልፋል፤ ግን የደም ሥር መዘጋት ስለሚያመጣ በጥንቃቄ ነው የሚታዘዘው።

የቅርቡ መድኃኒት ግን ጎድጓዳውን ጨርሶ ተወው። ጤነኛው ኤብል ከፊቱ ጫፍ ላይ አንዲት የቅባት ቁራጭ አለችው። ያቺ ቁራጭ በራሱ አካል ውስጥ፣ ከኤቲፒው ጎድጓዳ ራቅ ባለ ስንጥቅ ገብታ ትቆልፈዋለች። ከቢሲአር ጋር ሲጣበቅ የጠፋው ያ ጫፍ ነው። ስንጥቁ ግን አሁንም አለ፤ ባዶ ነው። በ2021 በአሜሪካ የተፈቀደው አሲሚኒብ እዚያ ስንጥቅ ውስጥ ይገባና ኤብልን ይቆልፈዋል። 315ኛው ቦታ ለተለወጠባቸውም ታማሚዎች ከፍ ባለ መጠን ይሰጣል።